ጅብ የማይፈራ አንባቢ
(ሐረር፣ ጁገል ውስጥ በተዘጋጀ የንባብ ምሽት የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ! አባቶች፣ እናቶች፣ በተለይ ከድሬ ድረስ የመጣችሁ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አሁን የተነበበልን የአርጀንቲናዊው ሁሊዮ ኮርታሳር «የተያዘው ቤት» ነው። በፈረንጆቹ 1946፣ የአገሩ ልጅ፣ ደራሲው ቦርሄስ ያዘጋጀው በነበረ መጽሔት ላይ ወጣ። ጥቂት ገጽ ነው። ደም የለም፣ ሬሳ የለም፣ ጭራቅ የለም። ታዲያ ለምን ይጨንቃል?

ሐረር ላይ ሰውን በአውሬ ማስፈራራት ከባድ ነው። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ በስሙ እየተጠራ ሥጋ ይጎርሳል። የሚያበላው ሰው እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ሥጋውን ከጅቡ አፍ ያደርሰዋል። በግንቡም ላይ ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች አሉ። እንደኛ ላለ አንባቢ ጥርስና ጥፍር ምኑ ያስፈራል? ስም ያወጣንለት፣ በየት እንደሚገባ የምናውቀው ነገር ጎረቤት ነው።

ኮርታሳር ይህንን ነው የነፈገን። ወንድምና እህት ከዘር የወረሱት ሰፊ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። እሷ ሹራብ ትሠራለች፤ እሱ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ያነባል። አንድ ማታ ለማቴ፣ እንደ ሻይ ለሚጠጡት የቅጠል መጠጥ፣ ውሃ ሊጥድ ሲሄድ ከቤቱ ወዲያኛው ክፍል ድምፅ ይሰማል። ምንጣፍ ላይ እንደወደቀ ወንበር ያለ፣ ወይ የታፈነ ወሬ። ሮጦ በሩን ይቆልፋል። ከዚያስ? ውሃውን አፍልቶ ማቴውን ለእህቱ ይዞላት ይመጣል! ወዲያኛው ክፍል እንደተያዘ ሲነግራት፣ እንግዲያው በዚህ በኩል መኖር ነው ትላለች። ትንሽ ቆይታ ሹራቧን ትቀጥላለች።

እኔን የገደለኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ታሪኩን የሚተርከው ወንድምየው ጽዳት ቀለለ ይለናል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ተነስተው እንኳ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ሥራ ያልቃል። ግማሽ ቤቱን የተነጠቀ ሰው የሚጠርገው ስላነሰ ተመቸው! አቦ፣ ከዚህ በላይ ምን ጭራቅ አለ?

እስቲ ወደኛ ቤት አምጡት። ክርታቱ፣ ያ የጎን ክፍል፣ ተቆለፈ። እሺ፣ የሳሎኑ መደብ፣ ነደባው ላይ ሰብሰብ ብለን ቡና እናፈላለን። በማግስቱ ከነደባዎቹ ባንዱ መቀመጥ ቀረ። እሺ፣ ጠጋ ጠጋ እንላለን።

ብዙዎች ታሪኩን ከያኔው የአርጀንቲና መሪ ከፔሮን ዘመን ፖለቲካ ጋር ያያይዙታል። ያስኬዳል። ግን «ድምፁ እከሌ ነው» ባልን ቁጥር ስም እያወጣንለት ነው። ስም የወጣለት ደግሞ እዚህ አገር ሥጋ ይበላል እንጂ አያስፈራም።

አዲስ ዓይነት አጻጻፍ ሲባል የተወሳሰበ ቋንቋ የሚመስላቸው አሉ። እዚህ ቋንቋው ሕፃን ይገባዋል። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማን እንደያዘው የሚነግረን። ተራኪውም አይጠይቅም። በመጨረሻ ድምፁ እነሱ ወዳሉበት በኩል ሲመጣ፣ 15 ሺህ ፔሶ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቶ፣ እህቱን አቅፎ ይወጣል። የውጭውን በር ቆልፎ ቁልፉን ፍሳሽ ውስጥ ይጥላል። ለምን? ምስኪን ሌባ ተሳስቶ እንዳይገባ! እኔ እዚህ ጋ ስደርስ እስቃለሁ፤ ሳቄ ግን አያምርም።

በሉ፣ ወደ ውይይቱ። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልወርውር፦ ያን ማታ፣ የመጀመሪያው በር ሲቆለፍ፣ ለምን ጥለው አልወጡም? ማይኩ ከኋላ ይጀምር።