የእግረኛ መኮንን የሰላም ዓመታት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከይፋት፣ ከመርሐቤቴ ተነስታችሁ በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ በማለዳ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ስለ እግረኛ መኮንን ማውራት እፈልጋለሁ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ማዕረጉን ለብሳችሁታል፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ የመኮንን ልጅ ወይም ባለቤት ናችሁ። አንድ አዛውንት መኮንን ስናገኝ “የት የት ዘመቱ?” እንላለን። ደግ ጥያቄ ነው። ከዘመቻ በፊትና በኋላ በጦር ሰፈር ያሳለፏቸውን ዓመታት ግን የሚጠይቃቸው የለም። እኔ የጦርነቱ ግማሽ ሥራ የሚያልቀው በእነዚያ ዓመታት ነው ባይ ነኝ።

ጣርማ በርን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት በስዊድናውያን አስተማሪዎች የተከፈተው በ1927 ነው። በሚያዝያ 1928 የጣሊያን ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ያንን የጣርማ በር የተራራ መተላለፊያ እንዲዘጉ ተላኩ። መሪያቸው ፈረንሳይ አገር የተማሩት ክፍሌ ነሲቡ ነበሩ። ጠላትን ማቆም አልቻሉም። ወኔ ነበራቸው፤ የሰላም ጊዜ ግን አልበቃቸውም። ከእነሱ መካከል ወደ ነቀምት ሄደው ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ድርጅት የመሠረቱ አሉ።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1943፣ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘመተ። ከክቡር ዘበኛ የተመረጠ፣ ከመዝመቱ በፊት ለወራት ተራራ ለተራራ የሠለጠነ ጦር ነበር። ቃኘው በኮሪያ 121 ጀግኖች አጥቷል። አንድም ምርኮኛ ግን አልሰጠም። ይህ ተኩስ መሃል የሚማሩት ነገር አይደለም።

ራስ አበበ አረጋይን ስናነሳም አምስቱን የአርበኝነት ዓመታት ብቻ እናወራለን። ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። ከነፃነት በኋላ ደግሞ በታኅሣሥ 1953 እስኪገደሉ ድረስ፣ የመከላከያ ሚኒስትርነትን ጨምሮ በትልልቅ ሥልጣን አገር አገልግለዋል። ያ ሁሉ ዓመት በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፉ ያሳዝነኛል።

መቶ አለቃ በሰላም ጊዜ ምን ይሠራል? የወታደሩን ጫማ ያያል። ሌሊት ተነስቶ ዘብ ይቆጣጠራል። ፊደል ላልቆጠረው ከቤት የመጣለትን ደብዳቤ ያነብለታል። የተጣሉትን ያስታርቃል። እያንዳንዱን በስሙ፣ በአገሩ፣ በጠባዩ ይለየዋል። ጥይት ሲጮህ ማን እንደሚደነግጥ፣ ማን ጓደኛውን እንደሚያነሳ ቀድሞ ያውቃል። ሜዳሊያ የሚያሰጥ ሥራ አይደለም። ሰው ግን በሕይወት የሚመለሰው በዚህ ነው።

እናቶቻችንም አሉ። ባል ግዳጅ ላይ ሆኖ፣ ከሰፈር ሰፈር ዕቃ ጭነው ልጅ ያሳደጉ። የእነሱም ዓመታት የአገልግሎቱ አካል ናቸው።

ስለዚህ ዘንድሮ ማኅበራችን የአባላቱን ታሪክ በድምፅ ይቅዳ እላለሁ። ዘመቻውን ብቻ ሳይሆን ሥልጠናውን፣ ሰፈሩን፣ ከጡረታ በኋላ ያለውንም ኑሮ። ልጆቻችን ስልካቸውን ይዘው አያቶቻቸው ዘንድ ይቀመጡ። ዕድሜያቸው ከገፋው እንጀምር፤ ጊዜ አይጠብቀንም። የመመዝገቢያው ደብተር በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከምሳ በፊት ሁላችሁም ስማችሁን አስመዝግቡ። ጉባኤያችን ተከፍቷል።