የሚጸና ኑዛዜ እንዴት ይጻፋል?

[ምስል፦ በሽተኛ ተኝቷል፤ ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ ዙሪያውን ተቀምጠዋል]

በብዙ ቤት ኑዛዜ የሚደረገው እንዲህ ነው። በሽተኛው ሲጠናበት የንስሐ አባቱና ሁለት ሽማግሌዎች ይጠራሉ። «ቤቱ ለታላቋ ልጄ፣ የባንኩ ገንዘብ ለባለቤቴ» ይላል። የሰሙት «እግዜር ይማርህ» ብለው ይሄዳሉ። ወረቀት የሚባል ነገር አልወጣም። ሰውየው ሲያርፍ ይህን ቃል ይዛ ፍርድ ቤት የምትሄደው ልጅ ቤቱን በኑዛዜ አታገኘውም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን የሚቀበለው ሞት እንደቀረበው ለተሰማው ሰው ነው። ለዚህ ሁለት ምስክር ይበቃል። ነገር ግን በቃል ሊናዘዝ የሚችለው የቀብሩን ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹን አያያዝ፣ እና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ያ 500 ብር ሕጉ ሲወጣ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ ዛሬ ግን ቤት ቀርቶ በግ አይገዛም። በሽተኛው ድኖ ሦስት ወር ከቆየ ደግሞ የቃል ኑዛዜው ይፈርሳል።

[ምስል፦ ባዶ ወረቀት፣ እስክሪብቶ]

እነዚያው ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ቃሉ በጽሑፍ ቢሰፍርና ሁለት ምስክሮች ቢጨመሩ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ይህ «በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ» ይባላል። ጽሑፉን ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ይችላል፤ እሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ቢጽፍለትም ያው ነው። ከዚያ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ ሁሉም ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያኖራሉ።

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው እዚህ ነው። መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ መነበቡ በጽሑፉ ውስጥ መገለጽ አለበት። አራት ፊርማ ኖሮት «ተነበበ» የሚል ቃል የሌለው ኑዛዜ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከፊርማው በላይ ይህን ጻፉ፦

[ጽሑፍ በስክሪን፦ «ይህ ኑዛዜ ዛሬ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በተናዛዡና ስማችን ከዚህ በታች በተጻፈው በአራታችን ምስክሮች ፊት ተነቦልን፣ የተናዛዡ ቃል መሆኑን አረጋግጠን አብረን ፈርመናል።»]

ምስክሮቹ 18 ዓመት የሞላቸውና ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያውቁ ይሁኑ። በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር አይሁን፤ ለክርክር በር ይከፍታል። ከተናዛዡ በዕድሜ የሚያንሱትን መምረጥም ብልህነት ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ቀርበው መመስከር ሊኖርባቸው ይችላል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ብዙ ሰው ውልና ማስረጃ ሄዶ የሚናዘዘው ለዚህ ነው፤ ቅጂውም እዚያ ስለሚቀመጥ አይጠፋም።

ምስክር ሳይጠሩ ብቻን መጻፍም ይቻላል። ያኔ ሙሉው በተናዛዡ የእጅ ጽሑፍ ይሁን፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ይኑረው። በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ግን ይፈርሳል። ሳጥን ውስጥ የተረሳ ኑዛዜ የሚያረጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ስሕተት ከፍቅር የሚመጣ ነው፦ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው ይናዘዛሉ። ሕጉ ይህን አይቀበልም፤ ለየብቻ ይጻፍ።

[ምስል፦ አንድ ቤት ለሁለት ተከፍሎ]

ለመሆኑ የሚናዘዙት ንብረት የማን ነው? በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው። ባል ሊናዘዝ የሚችለው የራሱን ግማሽ ብቻ ነው። 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የጋራ ቤት ቢኖር 3 ሚሊዮኑ ከመጀመሪያውም የሚስት ነው፤ ውርስ የሚባለው የቀረው ነው። ኑዛዜ ከሌለና ሦስት ልጆች ካሉ፣ ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ይደርሳል።

ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ይስሙት። በሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይደለም። የባል ድርሻ ለአባቱና ለእናቱ ይሄዳል፤ እነሱ ከሌሉ ለወንድምና እህቶቹ። ሚስት አብራ የሠራችውን ቤት ከባሏ ዘመዶች ጋር ልትካፈል፣ አንዳንዴም ለመሸጥ ልትገደድ ትችላለች። ይህን የሚያስቀረው በወጉ የተጻፈ ኑዛዜ ነው።

ልጅን ከውርስ መንቀልም ቀላል አይደለም። ስሙን ሳያነሱ ማለፍ መንቀል አይሆንም። ተናዛዡ መንቀሉን በግልጽ መናገር፣ ምክንያቱንም በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት። ዳኛው ምክንያቱ እውነት ነው ወይ ብሎ አይመረምርም፤ ለመንቀል በቂ ነው ወይ ብሎ ግን ይመዝናል። ሳይነቅሉ አንዱን ልጅ እጅግ አሳንሶ መስጠትም አደጋ አለው፤ ከድርሻው ከሩብ በላይ የተጎዳ ልጅ ክፍፍሉን ሊቃወም ይችላል።

ኑዛዜው ከተጻፈ በኋላ ልጅ ቢወለድ ወይም ፍቺ ቢፈጸም ወዲያው አዲስ ጻፉ። ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ የተሰጠው በፍቺው ይፈርሳል። ልጅ ተወልዶ ውርሱን ሲቀበል ደግሞ ለሌሎች የተሰጡት በመርሕ ይፈርሳሉ፤ ዳኛው ከፊሉን ሊያጸና ቢችልም በዚያ ተስፋ ማድረግ አያዋጣም።

[ምስል፦ የውክልና ሰነድ]

ውጭ አገር ለምትኖሩ አንድ ነገር። በኤምባሲ በኩል ለወንድም ወይም ለእህት የተሰጠ ውክልና ኑዛዜን አይተካም። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ውክልና ቤት መሸጥ ወራሾችን ወደ ክስ ይከታል።

ተጠቃሚው በስም የተጻፈ የሕይወት ኢንሹራንስም የውርስ ሀብት አይደለም፤ ገንዘቡ በቀጥታ ለተጠቀሰው ሰው ይከፈላል። በፖሊሲው ላይ ያለው ስም ከአሥር ዓመት በፊት የሞላችሁት ከሆነ ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩት።