አረንጓዴው መብራት አይበቃንም

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ ዋይፋይ ክትትል ነው። ሁላችንም በየግቢያችን የምንሠራው ሥራ ስለሆነ መግቢያ አላበዛም። የመጣሁት አንድ ነገር ለመናገር ነው። ዕቃውን እየተከታተልን ተጠቃሚውን ረስተነዋል።

በምሠራበት ግቢ ቤተ መጻሕፍት የሆነውን ልንገራችሁ። የፈተና ሰሞን ነበር። ተማሪዎች ተሰብስበው ቢሯችን መጡ። «ዋይፋዩ ይያያዛል፣ ግን ምንም አይከፍትም» አሉ። የክትትል ስክሪኑ ሲታይ ሁሉም አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ፣ አረንጓዴ ነው። «በእኛ በኩል ችግር የለም» ተባሉ። አንዲት ተማሪ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ታዲያ ችግሩ የማን ነው?» አለች። የመለሰላት ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ምን ሆነ? ግዢ ተጠየቀ! ተጨማሪ አክሰስ ፖይንቶች ተገዝተው ተሰቀሉ። ነገሩ ባሰበት።

የባሰበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው የሬዲዮ ሞገዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚሠሩት ቻናሎች፣ ማለትም የሞገዱ መስመሮች፣ 3 ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። አዲሶቹ ዕቃዎች ያንኑ የተጨናነቀ አየር ሊሻሙ ገቡ። በዚያ ላይ እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት ለያንዳንዱ የኔትወርክ ስም በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል «አለሁ» ይላል፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛው ፍጥነት። እኛ ደግሞ ለመምህር፣ ለተማሪ፣ ለእንግዳ፣ ለአስተዳደር እያልን ስም እናበዛለን። አየሩ ገና ማንም ሳይጠቀምበት ይጣበባል።

በመጨረሻ ሲለካ ቻናሉ ፋታ የለውም፤ ከሚላከውም ብዙው እየተደገመ ነበር የሚላከው። ስሞቹ ተቀነሱ፣ የግማሾቹ አክሰስ ፖይንቶች የ2.4 ሞገድ ተዘጋ፣ አሮጌዎቹ ዝቅተኛ ፍጥነቶች ጠፉ፣ አዳዲስ ስልኮችና ላፕቶፖች ወደ ሌላው ሞገድ፣ ወደ 5 ጊጋኸርዝ፣ ሄዱ። ተማሪው ሠራለት። አንድም ብር አልወጣም!

ለዕቃ ሲሆን የውጭ ምንዛሪ ይፈለጋል። ለመለካት ሲሆን ግን አንድ ባለሙያ ግማሽ ቀን አይፈቀድለትም። ይህ ያበሳጨኛል፤ እናንተንም እንደሚያበሳጫችሁ አውቃለሁ።

ሁሉንም ነገር እንሰብስብ እያልኩ አይደለም። እያንዳንዱን ዕቃ በየሰከንዱ መጠየቅ ራሱ ጫና ነው፤ ለተለመደው ክትትል በየ5 ደቂቃው ይበቃል። የቻናሉን መጨናነቅ፣ የሚደገመውን መልእክት፣ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኔትወርኩ ለእያንዳንዱ ስልክና ላፕቶፕ የሚሰጠውን ቁጥር፣ ያላገኘውን ሰው እንይ። ያለን 254 አድራሻ ብቻ ሆኖ እያንዳንዱ ለአንድ ሙሉ ቀን እየተያዘ ከተሰጠ፣ ጠዋት አልፎ የሄደው ተማሪ የከሰዓቱን ድርሻ ይዞበት ይውላል። አንድ አሮጌ ላፕቶፕም ተማሪው በሚቀመጥበት ቦታ እናስቀምጥ። ራሱ ይያያዝ፣ ገጽ ይክፈት፣ የፈጀበትን ጊዜ ይመዝግብ።

የምጠይቀው ይህን ነው። በወር ሪፖርታችን ላይ ስንት ዕቃ በርቷል ከሚለው በላይ ስንት ሰው ሞክሮ ስንቱ ገባ የሚል ይጻፍ። የግዢ ጥያቄም ልኬቱ ተያይዞበት ይምጣ። ልኬት የሌለበት ጥያቄ ላይ እኔ ከእንግዲህ አልፈርምም።

አመሰግናለሁ።