ከጉብኝት መልስ፣ መኪና ውስጥ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ሥራችን ላውራ። ሶሻል ወርከር፣ ማለትም ችግር የገጠማቸውን ቤተሰቦች እየጎበኘ የሚረዳ ባለሙያ፣ ሥራውን የሚማረው የት ነው?

ዲግሪው አለ፣ ሥልጠናው አለ፣ ሰርተፍኬቱም በየዓመቱ ይጨመራል። ግን በር አንኳኩታችሁ የቤቱ አባወራ «ማን ላካችሁ?» ብሎ ሲያፈጥባችሁ ምን እንደምትመልሱ ማን አስተማራችሁ? አብዛኞቻችን የመምህር ሳይሆን የባልደረባ ስም ነው የምንጠራው።

ነገሩ የቆየ ነው። ችግረኛ ቤተሰቦችን የሚጎበኙት የድሮ በጎ ፈቃደኞች ሥራውን የሚለምዱት አንዱ ከሌላው እያየ ነበር። ከሙያችን ፈር ቀዳጆች አንዷ የሆነችው አሜሪካዊቷ ሜሪ ሪችመንድ እ.ኤ.አ. በ1897 የማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ያስፈልገናል ብላ ተከራከረች። በዓመቱ ኒውዮርክ ውስጥ የስድስት ሳምንት የክረምት ኮርስ ተጀመረ። እሷ ራሷ ወደዚህ ዓለም የገባችው ግን ባልቲሞር ባለ የበጎ አድራጎት ማኅበር ረዳት ገንዘብ ያዥ ሆና ነው። ይሄ ሁሌም ደስ ይለኛል።

እኔን ያስተማሩኝ አንዲት አንጋፋ ባልደረባዬ ናቸው። ከቤት ጉብኝት ስንወጣ መኪና ውስጥ ገብተን፣ ሞተር ሳይነሳ፣ «እሺ፣ ምን አየሽ?» ይሉኛል። ምን ሰማሽ አይደለም፣ ምን አየሽ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ እናትየው ደክሟታል እላለሁ። «ልጁስ? ጥያቄሽን ከመመለሱ በፊት ማንን ነበር የሚያየው?» እናቱን አልነበረም። በሩ ጋ የቆመውን አጎቱን ነበር። ይሄ ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም። ከዚያ በኋላ ግን የትም ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው የልጆችን ዓይን ነው።

ባለሙያዎች ከሥራቸው እንዴት እንደሚማሩ ያጠናው አሜሪካዊው ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ባለሙያ ሥራው መሃል ሆኖ የሚያስበውንና ከሥራው በኋላ መለስ ብሎ የሚያስበውን ለይቶ አሳይቷል። መኪናዋ ለሁለተኛው ነበረች። ያ ሲደጋገም ነው የመጀመሪያው የሚመጣው፣ ቤቱ ውስጥ ሆናችሁ፣ ሰውየው እየተቆጣ።

ተገልጋዮችም ያስተምራሉ። «ይሄንን ለሦስተኛ ሰው ነው የምናገረው» ያለችኝ እናት ፋይል ሳላነብ እንዳልሄድ አድርጋኛለች።

ታዲያ ኮሪደር ላይ ከባልደረባ የሚሰማው ሁሉ ጥሩ ትምህርት አይምሰላችሁ። «እነዚህ ሰዎች አይለወጡም» የምትለዋም ዓረፍተ ነገር የምትተላለፈው እዚያው ነው። የተሰላቸ ሰው ይናገራታል፣ አዲሱ ልጅ ሳምንት ሳይሞላው ይደግማታል። ሳይጎበኙ ሪፖርት መሙላትም እንደዚሁ ይለመዳል። የሰው ምሥጢር መተላለፊያ ላይ ማውራትም። ማንም ይሄ ትምህርት ነው ስለማይል ማንም አያርመውም።

ይሄ ከባልደረባ ጋር እያወራን የምንማረው ይመዝገብ፣ ፎርም ይውጣለት የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ፎርም የሚሞላበት ጨዋታ ወዲያው ጨዋታ መሆኑን ያቆማል፤ ሰውም የሚያስመሰግነውን ብቻ ማውራት ይጀምራል። የምጠይቀው ጊዜ ነው። ኬዝ፣ ማለትም የምንከታተለው ቤተሰብ፣ ሲበዛ መጀመሪያ የሚቀረው ሁለት ሆኖ መውጣት ነው፤ ለአንድ ቤት ሁለት ሰው ምን ያደርጋል ይባላል።

አዲስ ሰው ሲመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመደበው ያን ሰሞን ሥራ ከቀለለለት ሰው ጋር ነው። እኔ ብሆን «ምን አየሽ?» ብሎ ከሚጠይቅ ሰው ጋር እመድበዋለሁ። ያ ሰው ሥራ ከበዛበት ከኬዙ ይቀነስለት።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።