የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በሁለት ተኳራፊዎች መሃል የተያዘ መሪ

በዚህ ሳምንት ከጅማ የደወሉ አድማጮች ቤተሰብንና ማኅበርን ስለ መምራት ጠይቀዋል። መልሱን የሰጡት የቤተሰብ አማካሪያችን ናቸው።

ከሂርማታ የደወሉ አባት፦ «የሰበካ ጉባኤ ሰብሳቢ ነኝ። በማስፋፊያ ሕንፃው ገንዘብ የተነሳ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ነባር አባቶች ተኳርፈዋል። እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ ሁለቱም ማታ ማታ ለእኔ ይደውላሉ። እንቅልፍ አጣሁ። የማንን ወገን ልያዝ?»

አባቴ፣ የማንንም አይያዙ። እነሱ እርስዎ ጋ ተንፍሰው ይተኛሉ፤ ጭንቀቱ እርስዎ ቤት ያድራል። ጠቡ ግን ካለበት ፈቀቅ አላለም።

መሬይ ቦወን የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ይህን «ሦስት ማዕዘን» ይለዋል። በሁለት ሰዎች መካከል ጭንቀት ሲበረታ ሦስተኛ ሰው ይስባሉ። ቦወን ከ1954 እስከ 1959 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሲሠራ ሕመምተኞችን ከእናቶቻቸው ጋር፣ በኋላም ከመላው ቤተሰብ ጋር ሆስፒታል አስገብቶ አጠና። ቤተሰብ እንደ አንድ አካል ነው የሚጨነቀው ብሎ ደመደመ። ኤድዊን ፍሪድማን የተባለ የአይሁድ ረቢ ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ወደ ምእመናን ጉባኤ አመጣው። ጉባኤም እንደ ቤተሰብ ነው የሚጨነቀው። መሪው የሚረዳው ሁሉንም በማስታረቅ ብቻ አይደለም። ራሱ ረግቶ፣ ከሁለቱም ሳይርቅ፣ አቋሙን በግልጽ ሲናገር ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሲደወልልዎ ያንሱት። ስልክ መዝጋት መፍትሔ አይደለም። ሰምተው ሲጨርሱ «ይህን ለእሳቸው ነግረሃቸዋል?» ብለው ይጠይቁ። ካልነገራቸው መልእክቱን እርስዎ አያድርሱ። «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንቀመጥ፣ እዚያው ንገራቸው» ይበሉ። የራስዎን አቋም ደግሞ ለሁለቱም በአንድ ቃል ይናገሩ፤ ለምሳሌ «እኔ ሒሳቡ በሁሉም ፊት ይነበብ ባይ ነኝ»።

የእኛ ሽምግልና ይህን ድሮም ያውቀዋል። ጥሩ ሽማግሌ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ነው የሚሰማ። በጓሮ በር እየገባ የአንዱን ወሬ ለሌላው የሚያደርስ ሽማግሌ ግን ሦስተኛ ጠበኛ ይሆናል። የንስሐ አባት የሚሰማው ምስጢር ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱን አንነካም።

አንድ ነገር ይዘጋጁበት። እንዲህ ማድረግ ሲጀምሩ «ተለወጡ፣ ኮሩብን» ይባላሉ። ፍሪድማን አጥብቆ ያስጠነቀቀው ይህን ነው፦ መሪ ራሱን ችሎ ሲቆም ጉባኤው ወደ ድሮው ቦታው ሊመልሰው ይታገላል። ስለተቆጡ ብቻ ተሳስቻለሁ ብለው አይደምድሙ። ስለተቆጡ ብቻ ትክክል ነኝ ማለትም አይቻልም። በጠቡ ውስጥ የሌለ አንድ አስተዋይ ሰው ያማክሩ።

ከቆጪ የደወለች እህት፦ «የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። አባታችን ካረፈ ወዲህ የአጋሮው ቡና፣ የእማዬ መድኃኒት፣ የታናሾቼ ትምህርት ሁሉ እኔ ላይ ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ ስልክ አያነሳም። እማዬ ስለ እሱ ለእኔ ታለቅሳለች።»

የኔ እህት፣ ሸክምሽ ከባድ ነው። አንድ ሰው ከድርሻው በላይ ሲሠራ ሌላው ከድርሻው በታች መሥራት ይለምዳል። አንቺ በጨመርሽ ቁጥር እሱ ይቀንሳል። ጥፋቱ ያንቺ ነው ማለቴ አይደለም። ግን አሁን መለወጥ የምትችይው ያንቺን በኩል ነው። አንድ ሥራ ምረጪ። የዘንድሮውን የቡና ለቀማ ሠራተኛ እሱ ይፈልግ፣ ሒሳቡንም እሱ ይክፈል። ቀኑን ቁረጪለት። ዝም ቢል የመጀመሪያው ቀን ላይ አትውሰጂበት። ትንሽ ፍሬ ረግፎ ቢበላሽ እንኳ ከዚህ የሚብሰው እንደድሮው መቀጠሉ ነው።

ስለ መጥፋቱ ደግሞ ቦወን ያስተዋለው አለ። ከቤተሰቡ ተቆራርጦ የራቀ ሰው ነፃ የወጣ ይመስለዋል፤ ያልተፈታውን ነገር ግን ይዞት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ገንዘብ ሳታነሺ ጻፊለት። «ደህና ነህ?» ብቻ። እማዬ ስታለቅስ እቀፊያት፣ ከዚያ «ይህን ለእሱ ንገሪው» በያት። አክስትሽንም ጠይቂ፦ አባታችሁና ወንድሞቹስ ተኳርፈው ያውቁ ነበር? የሦስት ትውልድ ዝምድና በወረቀት ሲሳል ብዙ ጊዜ ያው መኳረፍ ሲደጋገም ይታያል።

ከጅማ መርካቶ የደወለች እህት፦ «ባሌ ይመታኛል። ረጋ በይ ይሉኛል። ይህ ምክር ለእኔም ይሠራል?»

አይሠራም። ጥፋቱ የመቺው ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የሴቶችን መብት ያነሱ የቤተሰብ ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን የእነ ቦወንን ንድፈ ሐሳብ አጥብቀው ተችተዋል፤ ጥፋትን በባልና በሚስት መካከል እኩል ያካፍላል ብለው። ልክ ናቸው። አንቺ መጀመሪያ የምትጠለይበት ቤት ያስፈልግሻል፤ የምታምኚውን አንድ ዘመድ ዛሬውኑ ንገሪ። ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ አመልክቺ። ጉዳት ካለብሽ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሂጂ፤ ሐኪሙ ያየውን እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። ሽማግሌዎች «ታረቁ» ብለው ቢመጡም፣ ደኅንነትሽ ሳይረጋገጥ ወደ ቤቱ አትመለሺ።