ዘመን የለያያቸውን ቡጢኞች በምን እንመዝናቸው?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣላችሁ የቦክስ ወዳጆች በተገናኙ ቁጥር የሚከራከሩበትን ጉዳይ ነው፤ ከከባድ ሚዛን ቡጢኞች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውቅ።

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው «እገሌ ከእገሌ ጋር ቢገጥም ኖሮ» ከሚል ግምት ነው። ይህንኑ ግምት በኮምፒዩተር ለመፍታት የተሞከረበት ጊዜም ነበር። 49 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ከቦክስ የተሰናበተው ሮኪ ማርሲያኖና በዚያን ወቅት ከውድድር ታግዶ የነበረው መሐመድ አሊ በካሜራ ፊት እየተቧቀሱ ተቀረጹ፤ በ1970 መጀመሪያ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በታየው ውጤት መሠረትም ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። ማርሲያኖ ራሱ ግን ከዚያ አስቀድሞ በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አልፎ ነበር። እኔ ለዚህ ዓይነቱ ፍርድ ዋጋ አልሰጥም፤ ማሽኑ የሚፈርደው ሰዎች በሰጡት ግምት ላይ ተመሥርቶ ነውና።

እውነተኛ ማስረጃ የሚገኘው ከአንድ ዘመን ወደ ሌላው ተሻግረው ከተፋለሙት ሰዎች ነው ብዬ አምናለሁ። እዚህም ላይ ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል። ማርሲያኖ በ1951 የቀድሞውን ሻምፒዮን ጆ ሉዊስን ማሸነፉ ስለ ሉዊስ ዘመን የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ሉዊስ ያን ጊዜ 37 ዓመቱ ነበር። ላሪ ሆልምስ በ1980 አሊን፣ ማይክ ታይሰን ደግሞ በ1988 ሆልምስን ሲያሸንፉ ሁለቱም ተሸናፊዎች 38 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። በዕድሜ የገፋ ቡጢኛ በወጣት ቢሸነፍ ምንም አያስደንቅም። ስለ ቀድሞው ዘመን ብርታት በእርግጠኝነት ለመናገር የሚያስችለን፣ ጊዜው አልፎበታል የተባለው ሰው ከአዲሱ ትውልድ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲቆም ነው።

ስለዚህም ዓይኔ ሁልጊዜ የሚያርፈው ጆርጅ ፎርማን ላይ ነው። ፎርማን በ1973 ኪንግስተን ላይ ጆ ፍሬዚየርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ጥሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በኋላም ለአሥር ዓመታት ያህል ከመድረክ ርቆ ተመለሰና በ1991፣ በ42 ዓመቱ፣ ያኔ ሽንፈት ከማያውቀው ኢቫንደር ሆሊፊልድ ጋር 12 ዙር ሳይወድቅ ጨርሶ በነጥብ ተሸነፈ። ሆሊፊልድ ከአምስት ዓመት በኋላ ታይሰንን በ11ኛው ዙር ያስቆመው ያው ሰው ነው። በ1994 ደግሞ የ45 ዓመቱ ፎርማን የ26 ዓመቱን ማይክል ሙረርን በ10ኛው ዙር ዘርሮ ክብሩን መልሶ ወሰደ። እንግዲህ በስተርጅናው የ1990ዎቹን ሻምፒዮን የጣለ ሰው በ25 ዓመት ጉልበቱ ምን ያህል አስፈሪ እንደነበር አስቡት። በዚያ ጉልበቱ ላይ ሳለ እሱን ያሸነፈው ደግሞ አሊ ነው።

አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ባሸነፈበት በ1960ው የሮም ኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀው አሊ፣ ለውትድርና አልመለመልም በማለቱ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ የሚሆነውን ምርጥ ዕድሜውን ተነጥቋል። በጥቅምት 1974 ኪንሻሳ ላይ ከፎርማን ፊት ሲቆም 32 ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ግራ እጁን ሳያስቀድም በቀኙ ደጋግሞ ይመታ ነበር፤ ይህ ለአጸፋ ቡጢ ስለሚያጋልጥ በዚያ ደረጃ ያሉ ቡጢኞች እምብዛም አይደፍሩትም። ከዚያም ጀርባውን ለገመዱ ሰጥቶ፣ ፊቱንና ጎኑን በክንዶቹ ጋርዶ፣ ፎርማን ጉልበቱን እስኪጨርስ ጠበቀው። በስምንተኛው ዙር ፎርማን እየተሽከረከረ ሲወድቅ የአሊ ቀኝ እጅ ለሌላ ቡጢ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አሊ ግን አልሰነዘረውም። በእኔ ግምት በከባድ ሚዛን ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ድል የለም።

«የዛሬዎቹ ግዙፎች ናቸው፤ የጥንቶቹ አይቋቋሟቸውም» የሚሉ አሉ። መከራከሪያው ክብደት የሌለው አይደለም፤ 85 ኪሎ ገደማ የነበረው ማርሲያኖ 206 ሴንቲ ሜትር ከሚረዝመው ታይሰን ፉሪ ጋር ይገጥማል ብዬ ለማሰብ ይቸግረኛል። ነገር ግን በ2024 ሁለት ጊዜ ፉሪን ያሸነፈው ኦሌክሳንደር ኡሲክ ቁመቱ ልክ እንደ አሊ 191 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በሁለተኛው ግጥሚያቸው ፉሪ በክብደት ከ20 ኪሎ በላይ ይበልጠው ነበር። ፈጣን እግርና ብልህ አእምሮ ያለው ሰው ግዙፉን ሊያሸንፍ እንደሚችል በዓይናችን አይተናል።

ማርሲያኖን ላለማሳነስ አንድ ነገር ልጨምር። በ1952 ፊላደልፊያ ላይ ከጀርሲ ጆ ዋልኮት ጋር ሲገጥም ከ12 ዙር በኋላ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየተመራ ነበር፤ በ13ኛው ዙር በአንዲት አጭር የቀኝ ቡጢ ዋልኮትን ግራ ክንዱ ገመዱ ላይ እንደተንጠለጠለ በጉልበቱ አስቀመጠው። በዛሬው የ12 ዙር ደንብ ቢሆን ኖሮ ያ ምሽት በሽንፈቱ ያበቃ ነበር። ማርሲያኖ ለ15 ዙር የተሠራ ሰው ስለነበር በዘመኑ ደንብ ሊመዘን ይገባዋል።

ከጆ ሉዊስ በፊት የነበሩትን በደረጃ ለማስቀመጥ ግን ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ጥቁሩ ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን በ1915 ከተሸነፈ በኋላ እስከ 1937 ድረስ አንድም ጥቁር ቡጢኛ ለከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮንነት እንዲጋጠም ዕድል አልተሰጠውም። ጥቁሩ ሃሪ ዊልስ ነጩን ሻምፒዮን ጃክ ዴምፕሲን እንዲገጥመው ለዓመታት ቢጠይቅም ግጥሚያው አልተካሄደም፤ ስለዚህ የዴምፕሲን ትክክለኛ ልክ ማንም ሊነግረን አይችልም። ሉዊስ ያን በር በ1937 ከከፈተ በኋላ ለ12 ዓመታት ያህል በሻምፒዮንነት ቆይቶ ክብሩን 25 ጊዜ አስጠብቋል፤ በ1936 አሸንፎት የነበረውን ማክስ ሽሜሊንግንም በ1938 በ124 ሰከንድ ብቻ ድል ነሥቶታል። አሊን አንደኛ፣ ሉዊስን ሁለተኛ የማደርገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለሦስተኛው ቦታ ፎርማንና ሆልምስ ቀርበውልኛል፤ እስካሁን አልወሰንኩም።