ዳዮዱን ኪሱ ከተተው

እሺ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ሞጣ ገበያ እናወራለን ብዬ ነበር። ቀርቷል። አውቃለሁ፣ ሁሌም ይቀራል። ማስታወሻዬ እዚሁ ፊቴ ተቀምጧል፤ ልቤ ግን እዚያ አይደለም። ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየወቀጠው ነው። የምትሰሙት እሱን ነው። «ማይክ ቀይሪ» የምትሉኝ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ጣሪያዬን አስቀይሩልኝ።

የአክስቴን ልጅ ታውቋታላችሁ። «እትዬ፣ ያንቺ ፖድካስት እንቅልፍ ያመጣል» የምትለዋ። ዘንድሮ ኤሌክትሪካል ገብታለች። ሰኞ ማታ በቴሌግራም የላብራቶሪ ወረቀቷን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የዳዮድ ላብ ነው፤ ዳዮድ ማለት ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ ነው። ሠንጠረዡ ላይ በእርሳስ፣ ከላይ እስከ ታች፣ 0.7፣ 0.7፣ 0.7። «ጎበዝ፣ ጨረሳችሁ?» አልኳት። «ኧረ ላቡ ሐሙስ ነው» አትለኝም!

ሐሙስ ለሚሠራ ላብ መልሱ ሰኞ አልቋል። ሳቅኩ። ከሲኒየሮች ነው የወሰደችው፤ እኛም እንደዚያው ነበርን፣ ምን አዲስ ነገር አለ። ስልኬን አስቀምጬ ተኛሁ። ማለቴ፣ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ያ ዳዮድ መጣብኝ።

ስለ ሬዲዮ ነግሬያችኋለሁ። ሬዲዮ የምንለው ልጅ፣ የቢቸናው። የወንዶቹን ዶርም ስፒከር በጋለ ምስማር የበየደው። አዎ፣ እሱ። ስለ ዳዮዱ ግን አውርቼ አላውቅም። ለምን እንዳላወራሁ እንጃ። ታሪክ አይመስልም መሰለኝ። አሁንም አይመስልም፣ ግን ይኸው።

በላብ ግሩፓችን ሦስት ነበርን። ሬዲዮ፣ እኔ፣ እና አንድ ሌላ ልጅ። እሱን «ጂፒኤ» እንበለው፤ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል። ሬዲዮ ያገናኛል። ጂፒኤ ያሰላል። እኔ እጽፋለሁ። ለምን እኔ? ሴት ስለሆንኩ ነዋ! «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ይሉኛል። የእጅ ጽሑፌን ያየ ያውቃል፤ ሐኪም ነሽ ወይ የሚያስብል ነው። ሙሉ ሴሚስተር ብሬድቦርዱን፣ ያን ዕቃዎቹን ሰክተን የምናገናኝበትን ሰሌዳ፣ በደንብ የነካሁት ዕቃ ስንመልስ ብቻ ነው። ይሄ ለብቻው አንድ ኤፒሶድ ይወጣዋል። አንድ ቀን እንሠራዋለን። ከሞጣ ገበያ በኋላ።

እና ያን ቀን የላብ ፈተና ነው። ማርክ አለው። ሥራው ደግሞ ቀላል ነው። ፓወር ሰፕላዩን 5 ቮልት ታደርጋለህ። አንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ማለቴ ኤሌክትሪኩን የሚገታ ዕቃ፣ ከሱ ቀጥሎ አንድ ዳዮድ። ዳዮዱ ላይ ስንት ቮልት እንደቀረ ትለካለህ። ትጽፋለህ። አለቀ። ማንዋሉ ላይ መልሱ ሊታይ ምንም አልቀረውም።

ዳዮዱ የሚወጣው ከካርቶን ሳጥን ነው። በዚያ ሳጥን ውስጥ የስንት ዓመት ኮተት አለ መሰላችሁ። እግሩ የተጣመመ፣ ቁጥሩ የጠፋ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰን ያ ጥቁሩ ነው፣ ጫፉ ላይ ብርማ ቀለበት ያለው። ያን ቀን ግን መስታወት ደረሰን። መስታወትም ሲሆን ያቺ ትንሿ ብርቱካናማዋ አይደለችም። ከሷ ተለቅ ያለ፣ ጥርት ያለ። ሬዲዮ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየው። ከዚያ «ነይማ እዪ» አለኝ። አየሁ። ውስጡ ፀጉር የምታህል ሽቦ አለች። ጎበጥ ብላ ጫፏ አንድ ደቃቅ ጠቆር ያለ ነገር ነክቷል። በቃ ይኸው ነው። ሬዲዮ ፊቱ በራ። «ይሄማ የአጎቴ ነው» አለ።

አጎቱ ቢቸና ሬዲዮ ይጠግናል። በገበያ ቀን ከየገጠሩ ሬዲዮ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚመጣ ሰው አለ። ሬዲዮ፣ ማለቴ ልጁ፣ ያደገው እዚያ ሱቅ ነው። እንደዚህ ዓይነቱ ዳዮድ የድሮ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ነው የሚኖረው። ጀርማኒየም ነው።

አንዴ ይሄን ላስረዳ፤ ኤሌክትሪካል የተማራችሁ ታገሡኝ። ሲልከንና ጀርማኒየም ዳዮድ የሚሠራባቸው ቁሶች ናቸው። ያ ሁላችንም የምንሸመድደው 0.7 የሲልከን ነው። የሲልከን ዳዮድ ሲያስተላልፍ ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት አካባቢ ራሱ ላይ ያስቀራል። ጀርማኒየም ግን ከ0.2 እስከ 0.3 ነው። ለዚህ ነው የድሮ ሬዲዮ የሚወደው፤ ከአየር ላይ የሚመጣው ሞገድ ደካማ ስለሆነ 0.7 ከተቀረጠበትማ ምን ይተርፈዋል? ደግሞ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ራሱ፣ ያ ባርዲንና ብራተን እንደ ፈረንጆቹ በ1947 ቤል ላብስ በሚባል የአሜሪካ የምርምር ተቋም የሠሩት፣ ጀርማኒየም ነበር። በ1956 ከሾክሊ ጋር ኖቤል ያሸለማቸው። ጀርማኒየም ሙቀት ስለማይችል ነው በኋላ ሲልከን ቦታውን የወሰደው። ይሄን ሁሉ ሌክቸር ላይ ተምረናል። ስላይዱ ላይ ነበር። ፈተና ላይ አይመጣም ተብሎ ተዘለለ እንጂ።

እና ሬዲዮ በመልቲሜትሩ፣ በቮልት መለኪያው፣ ለካ። 0.24።

አሁን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሌሊቱን ሙሉ ሳመላልሰው ያደርኩት ይሄን ነው። እስክሪብቶው እኔ እጅ ነው። ጂፒኤ ሳያየኝ፣ ካልኩሌተሩን እየነካካ፣ «0.7 አድርጊው» አለ። ሬዲዮ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያነበበው 0.24 ነው» አለ። «ጻፊ» አላለኝም። «አትጻፊ»ም አላለኝም። ያነበበውን ብቻ ነገረኝ። እኔም 0.24 ብዬ ጻፍኩ።

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። የጂፒኤ «አድርጊው» አባባሉ አናዶኝ ይሆናል። ወይ የሬዲዮ ዝምታ። እኔ እንጃ። ጻፍኩት።

ቲቸሩ መጣ። ወጣት ነው፣ ማስተማር ከጀመረ ብዙም አልቆየም። ወረቀቱን አየ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ሬዲዮ «የለካነው ነው ቲቸር» አለው። «የመልቲሜትራችሁ ባትሪ ደክሟል» አለ ቲቸሩ። ሬዲዮ ታዲያ ምን ይላል? «ቲቸር፣ ባትሪ ሲደክምማ ከፍ አድርጎ ያነባል እንጂ ዝቅ አያደርግም።»

ያለው በትህትና ነው። በጎጃምኛ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። ግን አለው። የጎረቤት ጠረጴዛ ልጆች ሁሉ ዘወር አሉ። ደግሞ እውነቱን ነው! እኛ የምንጠቀምበት ዓይነት ርካሽ ዲጂታል መልቲሜትር ባትሪው ሲሞት ቁጥሩን ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ነው የሚወስደው። እኔ ያወቅኩት በኋላ ነው። እሱ ከአጎቱ ሱቅ ነው ያመጣው።

ቲቸሩ ዝም አለ። ዳዮዱን ከብሬድቦርዱ ላይ ነቀለው። በሁለት ጣቱ ይዞ አዟዟረው። ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው፣ ልክ ሬዲዮ እንዳደረገው። አየው። ከዚያ የደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣና 0.24ን ሰረዘ። የኔን ጽሑፍ። አጠገቡ 0.7 ብሎ ጻፈና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደ።

ከ10 6 ሰጠን።

ጂፒኤ ሳምንት ሙሉ አላናገረንም። እሱን ተዉት። እኔ የሚከነክነኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ኪሱ ከተተ፣ ቀጥሎ ሰረዘ። ጠረጴዛው ላይ የተቃጠለ ዕቃ የምንጥልበት የፕላስቲክ ጣሳ ነበር፣ አጠገቡ፣ እጁ ሥር። ተበላሽቷል ብሎ ካመነ ለምን እዚያ አልጣለውም? ደህና ነው ካለ ደግሞ ለምን ወደ ሳጥኑ አልመለሰውም? ጀርማኒየም መሆኑን አውቋል ማለት ነው? አውቆ ሰረዘን?

ወይም ደግሞ ለሚቀጥለው ግሩፕ አዝኖ ነው። እነሱም እንዳይደናገሩ ከመንገድ ላይ አነሳላቸው። ይሄ ይሆናል። ደግ ሰው ነበር፣ እውነቴን ነው። መብራት ሲሄድብን ፈተና ያራዝምልን ነበር። መብራት ደግሞ ምን ያህል እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። እዚሁ ከጣና ሥር፣ በለስ ላይ፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ እኛ ፓወር ኤሌክትሮኒክስን በሻማ እንቸክላለን። እሺ፣ መረቡ የጋራ ነው፣ ጎረቤት የሆነ ቀድሞ አይበላም፣ አውቃለሁ። ኢሜይል አትላኩልኝ። ግን ያናድዳል።

ምን እያልኩ ነበር... አዎ፣ ቲቸሩ። የማርክ መስጫው ከላይ ተሠርቶ ነው የሚሰጠው። «0.7 ላለ ሙሉ ማርክ።» ወጣት መምህር ከዚያ ቢወጣ ማን ይቆምለታል? ይሄን ሳስብ አዝንለታለሁ። ከዚያ ደግሞ የሬዲዮ ፊት ይመጣብኛል፣ ሲሰርዝበት ያለው ፊት። አልተናደደም እኮ! ኪሱን ነው ያየው። የቲቸሩን ኪስ።

ለአባቴ ነገርኩት። አባቴን ታውቁታላችሁ፣ ዲግሪዬን እስከዛሬ «የሽቦ ትምህርት» ነው የሚለው። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ ሰው ነው። ቡናውን ፉት አለና ምን አለ፣ «እኛ ዘንድ የጓደኛውን ቅኔ ይዞ ፊት የሚቀርብ መሳቂያ ነው። እናንተ ዘንድ የራሱን ይዞ የቀረበ ነው ማርክ የሚቀነስበት?» ከዚያ ሳቀ። በጣም ነው የሳቀው። እኔም ይሄን ለፖድካስት ቆንጆ ነው ብዬ ጻፍኩት። አሁን ሳየው ግን ልክ አይመስለኝም። ቅኔ ቤት እኮ መምህሩ ያርማል፤ ተማሪው «የለካሁት ነው» ብሎ አይከራከርም። ወይስ ይከራከራል? አባቴን መልሼ ልጠይቀው ስል ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ነበር። ተዉት፣ ይሄ ምሳሌ አይሠራም።

ፋይናሉ ላይ፣ በነገራችን ላይ፣ ጥያቄው ሁሉ «የዳዮዱን ቮልቴጅ 0.7 ውሰዱ» ይል ነበር። ልክ ነው፣ ለስሌት እንዲያ ነው የሚደረገው፣ የትም ዓለም። እኔ ቢ ፕላስ አመጣሁ። ሬዲዮ ሲ። የእንግሊዝኛው ጥያቄ ስለሚረዝምበት ነው እንጂ፣ ሰርኪዩቱን አይቶ የት ጋ እንደሚሞቅ በጣቱ ያሳይሃል።

እና ዛሬ ጠዋት ደወልኩለት። አሁን ሶላር ነው የሚሠራው፣ ከገጠር ገጠር እየዞረ። አነሳ፤ ነፋስ ይሰማል። «ያን ዳዮድ ታስታውሰዋለህ?» አልኩት። «የቱን?» አለኝ። የቱን! እኔ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ሳይከደን፣ እሱ «የቱን»። የላብ ፈተናውን ነገርኩት፣ መስታወቱን፣ 0.24ን። ትንሽ አሰበ። እሱ ስለዚያን ቀን የሚያስታውሰው ጂፒኤ የተበደረውን ብር አለመመለሱን ነው። (ሳቅ)

ከዚያ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ሾትኪም ሊሆን ይችላል እኮ።» ሾትኪ ሌላ የዳዮድ ዓይነት ነው፤ እሱም እንደ ጀርማኒየም ዝቅ ያለ ነው የሚያነበው። የሶላር ፓነል ጀርባ ላይ ያሉት ብዙ ጊዜ እሱ ናቸው፣ እሱ በየቀኑ ሲነካካቸው ነው የሚውለው። «አንተ ራስህ የአጎቴ ነው አልክ!» አልኩት። «ብያለሁ?» አለኝ። «ውስጡ ያለችውን ሽቦ አይተሻታል?» «አዎ።» «እርግጠኛ ነሽ? ከዚያ በኋላ በፎቶ ያየሽው እንዳይሆን።»

አየሁ እኮ። መስኮቱ ጋ። ጎበጥ ያለች። አየሁ መሰለኝ። በኋላ ደግሞ እውነቴን ነው ጉግል አድርጌያታለሁ፣ ስንት ጊዜ። አሁን የቷ የመስኮቱ፣ የቷ የስልኬ እንደሆነች...

«ለምን አሁን ጠየቅሽኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጣሪያ ላይ ነኝ፣ በኋላ እደውላለሁ አለና ዘጋ። አይደውልም፤ አውቀዋለሁ።

ቲቸሩን ራሱን ልጠይቀው አስቤ ነበር። አሁን የት እንዳለ አጣርቼ። ግን ምን ብዬ? «ቲቸር፣ ያን ጊዜ ኪስህ የከተትከው...» ያብዳል። ደግሞ የቱ ኪስ ነው? የሸሚዙ ነው ብዬ ነው ሁሌ የማስበው። ግን ላብ ውስጥ ጋዋን እንለብስ የለ? እሱም ይለብስ ነበር፣ ያን ነጩን፣ እጅጌው የተቃጠለውን። የጋዋኑ ኪስ ከሆነ እኮ ጋዋኑ የሱ አይደለም። የላቡ ነው፣ እዚያው በሩ ጀርባ ተሰቅሎ ነው የሚያድር። ሌላውም መምህር ይለብሰዋል። ታዲያ ለራሱ ፈልጎት ከሆነ እዚያ ለምን... ቆይ። ቆይ፣ ረስቶት ከሆነስ? ወይስ ደግሞ...